የአሸዋው ኮረብታ ጠባቂ

ፍሎሪዳ ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የባሕር ጠረፍ አላት። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ግን አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ልጆቹን ይዞ እሑድን ውሃ ዳር ላሳልፍ ቢል ማረፊያ ማግኘት ይቸግረው ነበር። ባሕሩም አሸዋውም በሕግም በልማድም በአብዛኛው ለነጮች የተተወ ነበር። በጥር 1935 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) መቀመጫውን በጃክሰንቪል ከተማ ያደረገው የጥቁሮች መድን ድርጅት፣ አፍሮ አሜሪካን ላይፍ ኢንሹራንስ፣ በአሚሊያ ደሴት ላይ 33 ኤከር መሬት ገዛ። ድርጅቱን በ1901 ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ አብርሃም ሊንከን ሉዊስ ነበሩ። የእሳቸው ሐሳብ ሠራተኛውም ደንበኛውም ማንም ሳያዋርደው የሚዝናናበት ባሕር እንዲኖረው ነበር። ቦታው አሜሪካን ቢች ተባለ፤ ቆይቶም እስከ 216 ኤከር ሰፋ።

መሬቱ በተገዛበት በዚያው ወር፣ ጥር 13 ቀን፣ ሉዊስ ቅድመ አያት ሆኑ። የተወለደችው ልጅ ማርቪን ቤትች ተባለች። ጎልማሳ ከሆነች በኋላ ግን ፕሬዚዳንት ሬገን ለተፈጥሮ ጥበቃ ግድ የላቸውም ብላ በመቃወም፣ የስማቸው መነሻ የሆነውን ፊደል ከስሟ አውጥታ ራሷን ማቪን አለች። በዚህ ጽሑፍ የምትወሳው በዚሁ በመረጠችው ስም ነው።

ማቪን ያደገችው ሀብት በሞላበት ቤት ነው። ቅድመ አያቷ በፍሎሪዳ የመጀመሪያው ጥቁር ሚሊዮነር እየተባሉ ይጠራሉ። የበጋ ዕረፍቷን የምታሳልፈው በአሜሪካን ቢች ነበር፤ ያኔ መንደሩ በቅዳሜና እሑድ ከጎረቤት ግዛቶች ጭምር በሚመጣ ሕዝብ ይጥለቀለቃል። ሙዚቀኛው ሬይ ቻርልስ የዘፈነበት፣ ደራሲዋ ዞራ ኒል ኸርስተን የተዝናናችበት ቦታ ነው። ማቪን በ1955 በኦሃዮ ከሚገኘው የኦበርሊን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመርቃ ወደ አውሮፓ ተሻገረች። በጀርመን የኦፔራ መድረኮች ላይ አሥር ዓመት ያህል ዘፈነች፤ ሰሎሜ በተባለው ኦፔራም ሰሎሜን ሆና ተጫውታለች። በዚያ ዘመን ለአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ይህ ትልቅ ማዕረግ ነው። በዚያው ብትቀር ማንም አይፈርድባትም ነበር።

ወደ አገሯ ስትመለስ ያገኘችው አሜሪካን ቢች የልጅነቷ አልነበረም። በሐምሌ 1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ጸድቆ ሌሎቹ የባሕር ዳርቻዎችም ለጥቁሮች ተከፈቱ። በመስከረም ደግሞ ዶራ የተባለው አውሎ ነፋስ መንደሩን መታው። ሰው ለዓመታት ወደተከለከለባቸው ቦታዎች መሄድ ጀመረ፤ ደግሞስ ማን ይቀራል? የእኩልነቱ ድል ጥቁሩን ሕዝብ ሲያስደስት፣ በመከራው ቀን መጠጊያ የነበረውን መንደር ግን ባዶ አደረገው። ሆቴሎቹ ተዘጉ፣ ቤቶቹ ፈራረሱ፤ ውርሱ ለብዙ ዘመድ የተከፋፈለው ቦታ ግብር የሚከፍልለት አጣ። በዙሪያው የጎልፍ ሜዳ ያላቸው የሀብታም መዝናኛዎች መሬቱን እየገዙ ተጠጉ።

ማቪን በ1975 ጠቅልላ ወደ መንደሩ ገባች። ከቤተሰቧ የደረሳትን ሀብት መስጠት የጀመረችውም በዚሁ ሰሞን ነው። በጠቅላላው የሰጠችው ገንዘብ ብዙ ጊዜ 750,000 ዶላር ገደማ እንደሆነ ይጠቀሳል። አንዱ ለዓሣ ነባሪዎች፣ አንዱ ለቢራቢሮዎች፣ አንዱ ለደን እየተባለ ገንዘቡ አለቀ፤ ቤትም አልቀራት። ባሕሩ ዳር ተጋዳሚ ወንበር ዘርግታ ለዓመታት እዚያው አደረች፤ በኋላ ተጎታች ቤት ተገኘላት። እህቷ ጆኔታ ኮል የስፔልማን ኮሌጅን በፕሬዚዳንትነት የመራች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ማቪን ዘመድ ያጣች ሰው አልነበረችም፤ ያ ወንበር ምርጫዋ ነበር።

መልኳን ያየ ሰው አይረሳትም። ጸጉሯ ከሁለት ሜትር በላይ ረዝሞ ክንዷ ላይ ይጠቀለላል፤ ጫፉ የአፍሪካን ካርታ እንዲመስል አድርጋ አበጅታዋለች። የባሕር ዛጎልና የተቃውሞ መፈክር የተጻፈባቸው ባጆች ይሰኩበታል። የግራ እጇ ጥፍሮች ተጠማዝዘው አድገዋል። ቱሪስት መጀመሪያ ፎቶ ሊያነሣት ይጠጋል። እሷ ግን በኦፔራ የሠለጠነ ድምፅዋን ለቃ ታሪኩን ትጀምራለች፦ ይህ ቤት የማን ነበር፣ ይህ መንገድ በማን ስም ተጠራ፣ ባሕሩ ውስጥ ምን ይኖራል። መንደሩን በነጻ ታስጎበኝ ነበር፤ ለተማሪ፣ ለጋዜጠኛ፣ መንገድ ስቶ ለመጣም ቢሆን። ሰዉ የባሕር ዳር እመቤት ይላት ነበር። ቢሮ፣ ደመወዝም ሆነ ሹመት ያልነበራት ሴት የአንድ ሙሉ መንደር መዝገብ ቤት ሆና ሠራች።

ከሁሉ አብልጣ የጠበቀችው የአሸዋ ኮረብታውን ነው። ናና ብላ ትጠራዋለች፤ አያትን ወይም ቅድመ አያትን በሚያስታውስ የምዕራብ አፍሪካ ስም። 18 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ በፍሎሪዳ ካሉት የአሸዋ ኮረብታዎች ሁሉ ረጅሙ ነው እየተባለ የሚነገርለት ነው። ከሩቅ ላየው ሰው ቡልዶዘር በአንድ ቀን የሚደለድለው የአሸዋ ቁልል ነው። ቀረብ ሲባል ግን ሕይወት ያለው ነገር ነው። ነፋስ ከባሕሩ ዳር አሸዋ እያነሣ ያመጣል፤ ሲ ኦትስ የሚባለው ረጅም ሣር አሸዋውን በቅጠሉ ያስቀረዋል፣ በሥሩም ጠልቆ ይይዘዋል። አሸዋ ሲደረብበት ሣሩ አይሞትም፤ ወደ ላይ ያድጋል፣ አዲስ ሥርም ይሰድዳል። በዚህ መንገድ ሣሩና አሸዋው እየተደጋገፉ ለብዙ ዘመን ከፍ ይላሉ። ማዕበል ሲመጣ ኮረብታው ከፊቱ አሸዋ እየለገሰ የውሃውን ኃይል ይሰብራል፤ ከኋላው ያለው ዛፍና ቤትም ይተርፋል። ሣሩ ከተነቀለ ወይም ሰው እየረገጠው ከደረቀ አሸዋውን የሚይዘው ነገር የለም፤ ነፋስ ይበትነዋል። ሲ ኦትስን መቁረጥና መንቀል በፍሎሪዳ በሕግ የተከለከለው ለዚህ ነው። ከኮረብታው በታች ባለው አሸዋ በበጋ ሌሊት የባሕር ኤሊዎች ወጥተው እንቁላላቸውን ይቀብራሉ፤ ጫጩቶቹም ሲፈለፈሉ የሚያበራ የቤት መብራት ካለ መንገዳቸው ተሳስቶ ከባሕሩ ይልቅ ወደ መንደሩ ያመራሉ።

ኮረብታው ያለበት መሬት በ1990ዎቹ በመዝናኛ ኩባንያ እጅ ገብቶ ነበር። ማቪን በእጇ የነበራት መሣሪያ ድምፅዋ ብቻ ነው፤ ለባለሥልጣን፣ ለጋዜጠኛ፣ ለኩባንያው ሰዎች ሳይታክታት ተናገረች። እኔ እንደማስበው ትልቁ ጥበቧ የተፈጥሮንና የሰውን ጉዳይ ሳትነጣጥል መያዟ ነው። ስለ ኤሊው ብቻ ብታወራ የሚሰማት ሌላ ወገን ነበር፤ ስለ ጥቁሮች ታሪክ ብቻ ብታወራም ሌላ። እሷ ግን ቅድመ አያቷ ያንን መሬት የገዙት ሕዝቡ ከባሕሩ እንዳይለይ ነው፣ ባሕሩ ከተበላሸ ደግሞ የገዙት ከንቱ ሆነ በሚል አንድ ሐሳብ ሁለቱንም አስተሳሰረቻቸው። በ2002 አሜሪካን ቢች በአገሪቱ ታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ ሰፈረ። በ2004 ደግሞ ናና ከኩባንያው ወደ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ተዛውሮ የቲሙኳን የተፈጥሮና የታሪክ ጥብቅ ስፍራ አካል ሆነ።

ይህ ጥብቅ ስፍራ ለማቪን ባዕድ አልነበረም። በዚያው ክልል ውስጥ ኪንግስሌይ ፕላንቴሽን የተባለ የቀድሞ እርሻ አለ። የእርሻው ጌታ ዘፋንያ ኪንግስሌይ በ1806 ሃቫና ላይ አንዲት ከሴኔጋል የተጋዘች የ13 ዓመት ልጃገረድ ገዛ፤ አና ትባላለች። በኋላ ሚስቱ ሆነች፣ በ1811 ነጻ ወጣች። የሉዊስ ባለቤት ሜሪ ከአና ዘር ነች፤ ስለዚህ ማቪን በቤተሰቧ ትውልድ ሲቆጠር ከአና ሰባተኛዋ ናት። እኛ ዘር ስንቆጥር እስከ ሰባት ቤት እንወርዳለን፤ ማቪንም በዚያው ልክ የምታውቀው የዘር ሐረግ ነበራት። እንደ ዕቃ የተሸጠችው ሴት የኖረችበት መሬትና የዘር ልጆቿ ነጻ ሆነው በዋኙበት ዳርቻ ያለው ኮረብታ ዛሬ የሚጠበቁት በአንድ አስተዳደር ነው።

ማቪን ቤትች መስከረም 5 ቀን 2005 በ70 ዓመቷ በካንሰር አረፈች፤ ናና ከቡልዶዘር መትረፉን ግን በዓይኗ አይታለች። ሳይንቲስቶች እያንዳንዱን በመልኩ ለይተው በሚመዘግቡት፣ የሰሜን አትላንቲክ ራይት ዌል በተባለው የዓሣ ነባሪ ዝርያ ዝርዝር ውስጥ ቁጥሩ 1151 የሆነው በስሟ ተሰይሟል። ይህ ዝርያ የሚወልደው ከጆርጂያና ከሰሜን ፍሎሪዳ ጠረፍ ፊት ለፊት ባለው ውሃ ሲሆን፣ ዛሬ በዓለም ላይ የቀረው ከ400 ያነሰ ነው። በሕይወቷ ሳለች ወረቀትና ፎቶግራፍ እያጠራቀመች ለመንደሩ ትመኝለት የነበረው ሙዚየም በ2014 ተከፍቷል። ከሙዚየሙ ውጭ ግን ትግሉ አላበቃም፦ የአሜሪካን ቢች ቦታዎች ዋጋቸው በየጊዜው እየናረ ነው፤ ውርስ ያላቸው ቤተሰቦች ግብሩን መቋቋም ሲያቅታቸው ይሸጣሉ፤ በአሮጌዎቹ ቤቶች ቦታም ትልልቅ አዳዲስ ቤቶች ይሠራሉ።