ካውንስለሩን ማን ይመክረዋል? ከኢታንግ የሚነሳ ጥያቄ

ኢታንግ ከጋምቤላ ከተማ በስተምዕራብ፣ ባሮ ወንዝ ዳር ናት። ዛሬ ልዩ ወረዳ ስትሆን አኙዋክ፣ ኑዌርና ኦፖ ይኖሩባታል። የሱዳን ጦርነት በ1983 እ.ኤ.አ. እንደገና ከፈነዳ በኋላ ግን ስሟ የሚነሳው በስደተኛ ካምፗ ነበር፤ ካምፑ ከሩብ ሚሊዮን ሰው በላይ እስከ መያዝ ደርሷል። ደርግ በወደቀበት ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በአጭር ጊዜ ባዶ ቀረ። (ሁለቱን 1983ዎች ያምታታ ሰው የካምፑን ዕድሜ ባንድ ቀን ጨረሰው ማለት ነው።)

ከጋምቤላ በስተደቡብ ባለው ፒኝዶ ካምፕ ደግሞ ያለ ወላጅ የመጡ ብዙ ሺህ ወንድ ልጆች በቡድን ተከፍለው በአዋቂ ተንከባካቢዎችና በመምህራን ሥር ይኖሩ ነበር። መምህሩ ራሱም ስደተኛ ነው። ልጆቹን እሱ ያጽናናል፤ እሱን ማን ያጽናናዋል?

ጥያቄው ሌላ ቦታም ተነስቷል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ኤድዋርድ ቦርዲን በ1979 እ.ኤ.አ. የመካሪንና የተመካሪን የሥራ ትስስር በሦስት ነገር ላይ አቆመው፦ የጋራ ግብ፣ የጋራ ሥራና መተማመን። በ1983 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ሐሳብ መካሪው ከሚያሠለጥነውና ሥራውን ከሚከታተልለት ባለሙያ ጋር ወዳለው ግንኙነት ወሰደው። ባጭሩ፣ መካሪም መካሪ ያሻዋል ነው ነገሩ።

ወደ እኛ እንምጣ። ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ በተለምዶ ተሙማ የምንለው፣ ከመምህር በዓመት 60 ሰዓት ይጠይቃል። ሰዓቱ አያንስም። የሒሳብ መምህር ክፍሉ ገብቶ የሚታዘበው ሌላ የሒሳብ መምህር አለው። ካውንስለሩስ? ካውንስለር ካለ፣ ብዙ ጊዜ በግቢው ውስጥ ብቻውን ነው። የተማሪ ምስጢር ሲከብደው ለማን ያማክር? ለርዕሰ መምህሩ እንዳይል፣ አለቃው ነው፤ ነገ እሱን ይገመግማል፣ ልጁንም ይቀጣል። የአሜሪካ የትምህርት ቤት ካውንስለሮች ማኅበር ለአንድ ካውንስለር 250 ተማሪ ይመክራል። ይህን ቁጥር ኢታንግ ላይ ብናነሳው ቀልድ ይመስላል።

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ በኢታንግ ልዩ ወረዳ ቲርኪዲና ኩሌ የሚባሉ ካምፖች ተከፈቱ። ልጆቹ እንደገና መጡ። ከደጋ የመጣ ካውንስለር ኑዌርኛ ካልቻለ መሃል ላይ አስተርጓሚ ይገባል፤ የቦርዲን ሁለት ሰው ሦስት ሆነ ማለት ነው። አስተርጓሚው በዚያው መንገድ የመጣ፣ ልጁ የሚናገረው ነገር በራሱም የደረሰበት ሰው ሊሆን ይችላል። ዘመዱም ሊሆን ይችላል። አንዳንዱን ቃል ሳይተረጉም ቢያልፈው ማን ይፈርድበታል?

እኔ ብጠየቅ፣ ከ60ው ሰዓት 10ሩ እንኳ ካውንስለሩና አስተርጓሚው ቁጭ ብለው የሚነጋገሩበት ይሁን እላለሁ፦ ትናንት ምን ተባለ፣ ምን ሳይተረጎም ቀረ፣ ማን ምን ከበደው። ጋምቤላ ከተማ ወርዶ ከሚሰማ የሦስት ቀን ሥልጠና ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ርዕሰ መምህሩ ግን ውጭ ይጠብቅ።