ከእንጦጦ ማዶ የተያዘ ምህላ

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚወጣ መንገደኛ የእንጦጦን ዳገት ጨርሶ ቁልቁል ሲል የሱሉልታ ሜዳ ይቀበለዋል። ሣሩና ድርቆሹ፣ ከብቱና ወተቱ ዋና ከተማዋን ሲመግብ የኖረ አገር ነው። መንገዱ ጫንጮንና ሙከጡሪን አልፎ ወደ ፍቼና ወደ ደብረ ሊባኖስ ይዘልቃል። ዛሬ ሱሉልታ ከቡራዩና ከሰበታ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልላለች። ሦስቱም የአዲስ አበባ በሮች ናቸው፤ አገር በታመመች ቁጥር ጦሩም፣ ስደተኛውም፣ ተሳላሚውም በእነዚህ በሮች አልፏል።

ሕዝበ ክርስቲያኑ በእንዲህ ያለ የጭንቅ ቀን የሚይዘው ጸሎት ምህላ ይባላል። ደወል ሲደወል ነጠላውን አጣፍቶ በዐውደ ምሕረቱ ይሰበሰባል፤ ካህናቱ ይመራሉ፤ «እግዚኦ» እየተባለ 41 ጊዜ ይለመናል፤ ይሰገዳል። ምህላውም እንደ ጭንቁ ክብደት ሦስት ቀን ወይም ሱባኤ ሙሉ ይዘልቃል። ይህን ልማድ እጅ አጣጥፎ ከመቀመጥ የሚቆጥሩት አሉ። የእነዚህ መንገዶች ታሪክ ግን ሌላ ይመሰክራል።

በክፉ ቀን እንጀምር። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ ከአገሪቱ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙን እንደፈጀ ይገመታል። እንደ ሱሉልታ በከብቱ ለሚኖር አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተከታትለው መጡ፤ ረኀቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ አገሩ በዚሁ መከራ ውስጥ ነበር። በሬው አልቆ ገበሬው ማሳውን ትቶ በተቀመጠ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ። በበሬ ማረስ የለመደውና በዶማ መቆፈርን የሚንቀው ሕዝብ ይህን አይቶ እጁን ወደ ሥራ ዘረጋ። ከሰማይ ምሕረት የሚለምን ሰው ዘሩን መሬት ላይ ማስቀመጥ እንዳለበት ያን ጊዜ በዶማ ተሰበከ።

በኅዳር 1911 ዓ.ም. ደግሞ ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገባ። በከተማዋ ብቻ እስከ 10,000 ሰው እንዳለቀ ይገመታል። የኅዳር በሽታ የሚለው ስም የቀረው ከዚያ ነው። ኅዳር 12፣ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ በየሰፈሩ ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠል፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ ከዚያ ዘመን ትዝታ ጋር ተሳስሮ ኖሯል። ቤተ ክርስቲያን ተስሞ ይመጣል፤ ደጅ ይጠረጋል፤ ጭሱ ይወጣል። ጸሎቱና ጽዳቱ በአንድ ቀን ገጥመዋል።

ከሁሉ የከበደው ፈተና የመጣው በ1928 ዓ.ም. ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ወደ ላሊበላ ታጥፈው ጸለዩ፤ ሚያዝያ 24 ከአገር ወጡ፤ ሚያዝያ 27 የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። በቡራዩ በር የሚወጣው የምዕራብ መንገድ በአምቦና በነቀምቴ ላሉ አርበኞች፣ እስከ ጎሬ ለዘለቀው የስደት መንግሥትም መሸሸጊያ ሆነ። በሰሜኑ በር ግን ሰው ወደ ከተማዋ ተመለሰ። ከደብረ ሊባኖስ የተነሡት አቡነ ጴጥሮስና የሰላሌ አርበኞች፣ ደጃዝማች አበራ ካሣን ይዘው፣ በክረምቱ ዝናብና ጭቃ ወደ አዲስ አበባ ወረዱ።

ሐምሌ 21 ቀን የተከፈተው ጥቃት አልተሳካም። አቡነ ጴጥሮስ በማግስቱ ሐምሌ 22 በአደባባይ በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። አርበኞቹን አውግዘው ለወራሪው እንዲገዙ ቢጠየቁም እምቢ ብለዋል። በ1921 ዓ.ም. ጵጵስና ከተቀበሉት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ፤ ባልንጀራቸው አቡነ ሚካኤልም በዚያው በጎሬ ተገደሉ። ደጃዝማች አበራና ወንድማቸው አስፋ ወሰን በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ተረሸኑ። እነዚህ ሰዎች እግዚአብሔር አገራቸውን እንደማይጥል አምነው ሞቱ፤ ፍጻሜውን ግን አላዩትም።

ከዚያ ግንቦት 1929 ዓ.ም. መጣ። የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ በየካቲት 12 የተቃጣበትን የግድያ ሙከራ በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት አመካኘ። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በሚከበርበት በግንቦት 12 ሰሞን ገዳሙ ተከበበ። ግንቦት 13 ቀን መነኮሳቱ በመኪና እየተጫኑ ላጋ ወልዴ ላይ ተረሸኑ። የጣሊያኖቹ ቴሌግራም 297 መነኮሳት መገደላቸውን ሲገልጽ፣ የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ግን ተሳላሚውንና ዲያቆናቱን ጨምሮ የሟቾቹን ቁጥር ከ1,800 እስከ 2,200 ያደርሰዋል።

አራት ዓመት አለፈ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ከገባ ልክ አምስት ዓመት ሲሞላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከጎጃም በፍቼ አድርገው፣ ይህንኑ የሱሉልታ ሜዳ አቋርጠው፣ በእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። በዚያው ቀን ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ለመኑ።

በእነዚህ በሮች ያለው ልመና የአንድ እምነት ብቻ አይደለም። የአካባቢው የኦሮሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ዋቃን ይለምናሉ፤ ሙስሊሙ ዝናብ ሲጠፋ ሜዳ ወጥቶ ይሰግዳል። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ ያወጀው የአንድ ወር ጸሎት ሁሉንም በየቤቱ በቴሌቪዥን አገናኘ።

መንገዶቹ ክፉ ነገርም አይተዋል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በደረሰው ጥቃት ብዙ ሰው ሞተ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቅለው በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። ያን ጊዜ የከተማው ሰው እንጀራ ጋግሮ፣ ብርድ ልብስ ተሸክሞ ደረሰላቸው። በጥር 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሰበታ በኩል በሚያልፈው መንገድ፣ ወሊሶ አቅራቢያ ሐሮ ላይ ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ በተፈጸመ የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ቤተ ክርስቲያን ለመከፈል ተቃረበች። ሲኖዶሱ የነነዌን ጾም ጥቁር ለብሳችሁ ጹሙ ሲል ምእመናን ሐዘን ለበሱ፤ የካቲት 8 ቀን ስምምነት ተደረሰ። ምህላውና ሽምግልናው ጎን ለጎን ሄዱ።

ዛሬም በግንቦት 12 ተሳላሚው በሱሉልታ አልፎ ደብረ ሊባኖስ ይወርዳል። በዚያ ሰሞን በዚህ መንገድ የምታልፉ አንባቢዎች፣ ላጋ ወልዴ ላይ የወደቁትን እያስታወሳችሁ እለፉ፤ ለልጆቻችሁም ንገሩ።