ቤተ መንግሥቱና ካዛንቺስ፦ የአንድ ባለቤት ሁለት ቤቶች

ብሔራዊ ቤተ መንግሥት የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. ሲከበር የተሠራ ነው፤ ኢዮቤልዩ የሚለው የቀድሞ ስሙም ከዚያ በዓል የመጣ ነው። የምኒልክን ጎዳና ተሻግሮ በስተምሥራቅ ያለው ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ከሌላ ቤት ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ያሠራቸው «ካዜ ኢንቺስ» የተባሉ መኖሪያዎች በሕዝብ አንደበት ሲመላለሱ «ካዛንቺስ» ሆኑ። አንዱ ለንጉሥ፣ ሌላው ለወራሪ ሹም የታሰቡ ቤቶች ቢሆኑም ዕጣቸው በአንድ ዓመት ተገናኘ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዚሁ ቤተ መንግሥት ወጥተው በትንሽ ቮልስዋገን ተወሰዱ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ቤተ መንግሥቱም የካዛንቺስ ኪራይ ቤትም አንድ ባለቤት አገኙ ማለት ነው።

ባለቤቱ ግን ሁለቱን እኩል አልያዘም። ቤተ መንግሥቱ አትክልተኛና ጠባቂ ሳይለየው ቆየ፤ ታድሶም በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን በተገኙበት ተመረቀ። በካዛንቺስ ግን የቀበሌ ቤት ኪራይ በአዋጅ ተቀንሶ ቆርቆሮ ለመቀየር እንኳ የማይበቃ ሆነ፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ለማፍሰስ አልደፈረም። ስለዚህ በዚያው በ2017 መባቻ ካዛንቺስ ሲፈርስ «ያረጀ ሰፈር ነው» የተባለው እውነት ቢሆንም፣ እርጅናው የዕድሜ ብቻ ሳይሆን የአያያዝም ውጤት ነበር።

«ታዲያ ሰው በጋራ መጸዳጃና በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ለቅርስ ሲባል ይኑር?» የሚል ይኖራል። አይኑር። ሁሉም ቤት ይቁም ብሎ የሚከራከር አስተዋይ ሰው የለም። «ጣሊያን የሠራው ምኑ ቅርስ ነው?» ለሚለውም መልሱ ቅርብ ነው፦ ሠሪው በገባ በ5 ዓመቱ ተባረረ፤ ቤቱን ሰፈር ያደረገው፣ ስሙንም አማርኛ ያደረገው ከዚያ በኋላ የኖረበት ሕዝብ ነው። የንጉሥ አልጋ ታሪክ ከሆነ የተከራይ ደጃፍም ታሪክ ነው።

ስለዚህ ቀሪው ሥራ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። የሰፈሩ ፕላን፣ የቤቶቹ ፎቶግራፍና የነዋሪዎቹ ቃል ሳይጠፉ ተሰብስበው በዚያው ቤተ መንግሥት አንድ ክፍል ይሰጣቸው። ባለቤታቸው አንድ ነበርና ማስታወሻቸውም አንድ ጣሪያ ሥር ቢሆን ያምራል።