ወንበር ሲቀየር

ውድ ወጣቶች፣ እውነት የሚናገር ሰው የሚፈተነው አንድ ጊዜ ብቻ ይመስላችኋል? የጋዜጠኛው የኤድዋርድ መሮው ታሪክ ሌላ ነገር ያሳየናል።

መሮው እ.ኤ.አ. በ1908 በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለንደን በጀርመን ቦምብ ስትደበደብ፣ ያየውን በሬዲዮ ለአገሩ ሰዎች ያሰማ ነበር። በ1951 ደግሞ በሲቢኤስ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ጀመረ።

በዚያን ጊዜ ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ በቂ ማስረጃ ሳያቀርብ ብዙዎችን በኮሚኒስትነት ይከስ ነበር። ስሙ የተነሣ ሰው እንጀራውን ሊያጣ ስለሚችል ብዙዎች ዝምታን መረጡ። መሮው ግን እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1954 ስለ ሴናተሩ ግማሽ ሰዓት የፈጀ ፕሮግራም አቀረበ። ጣቢያው ማስታወቂያ ለማውጣት ስላልፈለገ፣ መሮውና የሥራ ባልደረባው ፍሬድ ፍሬንድሊ ከኪሳቸው ከፍለው በጋዜጣ አወጡ። ስድብ አላስፈለጋቸውም፤ በአብዛኛው ያሳዩት ማካርቲ ራሱ ሲናገር የተቀረጸውን ፊልም ነበር። መልስ የሚሰጥበትም ሰዓት ሰጡት። ማካርቲን የጣለው መሮው ብቻውን አይደለም፤ ከእርሱ በፊት ደፍረው የጻፉ ነበሩ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሴኔቱ በ67 ለ22 ድምፅ ማካርቲን አወገዘ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለን! መሮው በ1960 «የኀፍረት መከር» የተባለ ዘጋቢ ፊልም አቀረበ። ፊልሙ አዝመራ እየተከተሉ ከእርሻ ወደ እርሻ የሚንከራተቱትን የአሜሪካ የቀን ሠራተኞች ችግር የሚያሳይ ነበር። በማግስቱ ዓመት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የአገሪቱን ገጽታ ለውጭው ዓለም የሚያስተዋውቀው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ አድርገው ሾሙት። የእንግሊዙ ቢቢሲ ያንኑ ፊልም ሊያሳይ ሲዘጋጅ፣ እንዳያሳይ የጠየቀው ማን ይመስላችኋል? ራሱ መሮው ነው። ቢቢሲ ግን ልመናውን አልተቀበለም፤ ፊልሙ ታየ።

ይህን የምነግራችሁ መሮውን እንድትንቁት አይደለም። ኃያሉን ሴናተር ያልፈራ ሰው፣ የራሱን እውነት ሊሸፍን የሞከረው ሹመት ካገኘ በኋላ መሆኑን እንድታስተውሉ ነው። እናንተም ነገ የኅብረት መሪ፣ የክፍል ኃላፊ፣ የመሥሪያ ቤት አለቃ ትሆናላችሁ። ዛሬ አለቆቻችሁን «ለምን ትደብቃላችሁ?» እያላችሁ የምትጠይቁትን ጥያቄ ጻፉና አስቀምጡት። ወንበሩ ላይ በተቀመጣችሁ ማግስት አውጥታችሁ አንብቡት።