የሕክምና ሥዕል የለመደው ቆዳ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የቆዳ ሕመም ምስል እንዲሠራ ሲታዘዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው ነጣ ያለ ቆዳ ነው። ጥፋቱን በዘመኑ መሐንዲሶች ላይ ብቻ መጣል ይቀናል፤ እኔ ግን ሥሩ ያለው በሕክምና ሥዕል ሙያ የቆየ ታሪክ ውስጥ ነው እላለሁ። በፓሪሱ ሴንት ሉዊስ ሆስፒታል ዣን ሉዊ አሊበር እ.ኤ.አ. ከ1806 ጀምሮ የቆዳ በሽታዎችን በቀለም እያሣለ አሳተመ። በኋላም በዚያው ሆስፒታል ዡል ባሬታ የሕመምተኞችን ገላ በጄሶ ቅርጽ እያወጣ በሰም ሠርቶ ቀለም ቀባ። ሐኪሞች በሽታን በዓይን መለየት የተማሩበት ይህ ሥራ ታላቅ ነው፤ የታየው ቆዳ ግን በአመዛኙ የፓሪስ ነዋሪ ቆዳ ነበር። ተከታዩ መጽሐፍ ከቀዳሚው እየወረሰ ልማዱ ደንብ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት በሰሜን አሜሪካ የሕክምና ተማሪዎች የሚያነቧቸውን የአራት መጻሕፍት ከ4,000 በላይ ምስሎች መርምሮ፣ ጠቆር ያለ ቆዳ የሚታየው በ4.5 በመቶው ብቻ እንደሆነ አሳይቷል።

የቆዳ ቀለም የሚመደብበት መለኪያም ከዚሁ ልማድ የወጣ ነው። የሃርቫርዱ የቆዳ ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው መደብ፣ ሶሪያሲስ ለተባለ የቆዳ ሕመም በጨረር የሚታከሙ ነጭ ሰዎች ምን ያህል ጨረር እንደሚበቃቸው ለመወሰን የታሰበ ነበርና አራት ደረጃ ብቻ ነበረው። ቡናማና ጥቁር ቆዳ አምስተኛና ስድስተኛ ተብለው የተጨመሩት ኋላ ነው፤ የዓለም ሕዝብ ሰፊ ክፍል በሁለት ሣጥን ታጨቀ። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነው ፊትዝፓትሪክ 17ኬ የተባለ የምስል ስብስብ 16,577 ፎቶዎችን በዚሁ መለኪያ መደበ። በሁለቱ ነጣ ያሉ ደረጃዎች 7,755፣ በሁለቱ ጠቆር ያሉ ደረጃዎች ግን 2,168 ምስሎች ተገኙ። ማሽን ደግሞ አብዝቶ ያየውን አብዝቶ ይደግማል።

«የቆዳ ካንሰር የሚበዛው በነጮች ላይ ስለሆነ የምስሉ ብዛትም ተፈጥሯዊ ነው» የሚል መልስ ይሰጣል። ሜላኖማ ለተባለው የቆዳ ካንሰር እውነት አለበት። ይሁን እንጂ በጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚታየው በውስጥ እግር ወይም በጥፍር ሥር ስለሆነ፣ ሐኪሙ ያላየውን ቦታ እንዲያይ ምስሉ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ኤክዜማና ኩፍኝማ ቀለም አይመርጡም። ሌሎች ደግሞ «ማሽኑን አጥቁረህ ሥራ ማለት ይበቃል» ይላሉ። አይበቃም! በነጭ ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ የሚታይ ብግነት በጥቁር ቆዳ ላይ ሐምራዊ፣ ግራጫ ወይም የጠቆረ ቡናማ ሊመስል ይችላል። የነጩን ምስል ቀለም ብቻ ማጥቆር ተማሪው በጥቁር ሰው ላይ ብዙ ጊዜ በግልጽ የማይታይ ቅላት እንዲፈልግ ያደርገዋል፤ በሽታውም ሳይታወቅ ይቆያል።

መድኃኒቱ እውነተኛ ፎቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመውን የአዲስ አበባውን አለርት የመሰሉ ሆስፒታሎች በየቀኑ የሚያዩትን ቆዳ በሕመምተኛው ፈቃድ፣ በጥሩ ብርሃን፣ ከተረጋገጠ ምርመራ ጋር አንስተው ያስቀምጡ። ክምችቱንም ራሳቸው ያስተዳድሩት።