ለሕክምና የተሰቀለው ዥዋዥዌ

ኤዱዋር ሴጌን የተባለው ፈረንሳዊ በ1840ዎቹ መጀመሪያ (የዘመኑ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በፓሪስ አጠገብ ባለው በቢሴትር ሆስፒታል፣ የዘመኑ ጠበብት ተስፋ ቈርጠው የተዉአቸውን አእምሮአቸው የዘገየ ሕፃናት በተረከበ ጊዜ፣ ፊደል ከማስቈጠሩ አስቀድሞ እጃቸው እንዲጨብጥ፣ እግራቸው እንዲጸና፣ አካላቸውም ሚዛኑን እንዲጠብቅ ማሠልጠንን መረጠ፤ ዕውቀት ወደ ልቡና የሚገባው በሕዋሳት በኩል ነው የሚለውን ትምህርት ከመምህሩ ከሐኪሙ ከኢታር ወርሶ ነበርና።

ኢጣሊያዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ የእነዚህን የሁለቱን ሰዎች ጽሑፍ ወደ ኢጣልያንኛ እየመለሰች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጇ ገልብጣዋለች፤ እንዲህ ያለውን ትጋት ብራና ዳምጠው ቀለም በጥብጠው ለኖሩት ለአገራችን ቁም ጸሐፊዎች ማስረዳት አያስፈልግም። በ1907 በሮማ በሳን ሎሬንሶ የድኾች ሰፈር የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት ከከፈተች በኋላ በመጽሐፏ ከገለጸቻቸው መሣሪያዎች አንዱ ከሴጌን አሳብ የተገኘ ዥዋዥዌ ነበር። መቀመጫው እጅግ ሰፊ ስለሆነ የሕፃኑ እግሮች ተዘርግተው ሙሉ በሙሉ ያርፉበታል፤ ከፊት ለፊቱ ግድግዳው ላይ ጠንካራ ለስላሳ ሳንቃ ተመትቶአል፤ ሕፃኑም በውስጥ እግሩ ሳንቃውን እየገፋ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ተመልሶም ይመጣል። እንዲህ ሆኖ የገላው ክብደት ሳይጫነው ጕልበቱ ይጠነክራል።

ይሁን እንጂ መወዛወዝ ከጕልበት አልፎ ለአእምሮ ምን እንደሚሠራ አጥብቃ የመረመረችው በ1920 በካሊፎርኒያ የተወለደችው ጂን ኤይርስ ናት። በአምስቱ ሕዋሳት ላይ፣ አንዱ በውስጠኛው ጆሮ፣ ሌላው በጡንቻና በመገጣጠሚያ የተሰወሩትን የሚዛንና የእንቅስቃሴ ሕዋሳት አስከትላ፣ የእነዚህ ሁሉ መልእክት በአንጎል ውስጥ ካልተዋሐደ ንባብም ጽሕፈትም ሊሰናከል ይችላል ስትል በ1972 ባሳተመችው መጽሐፍ አስተማረች። በ1976 በቶራንስ ከተማ ባቋቋመችው ክሊኒክ ሕፃናት በተንጠለጠለ መረብ ይወዛወዙ፣ ትንንሽ ጎማ ባላት ሰሌዳ ላይ በሆዳቸው ተኝተው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ተዳፋት ይወርዱ ነበር። ከሥራዋ ሁሉ እኔ አብልጬ የማከብረው ግን፣ ሐኪሙ መሣሪያውን አዘጋጅቶ የልጁን ዝንባሌ እንዲከተል እንጂ ልጁን አስገድዶ እንዳያሽከረክረው ማዘዟን ነው፤ ልብሱ ሲነካው የሚበረግገውን፣ ወንበር ላይ መርጋት የሚያቅተውን ሕፃን ባለጌ ብሎ በአርጩሜ መግረፍ ልማድ በሆነበት ዓለም ይህ ትልቅ ርኅራኄ ነው።

ኤይርስ በ1988 ካረፈች በኋላ ክርክሩ አልበረደም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2012 የሕዋሳትን መልእክት አለመዋሐድ ራሱን እንደ ቻለ በሽታ መሰየም እንደማይገባ፣ ስለ ሕክምናውም ፈዋሽነት የተገኘው ማስረጃ ውሱን መሆኑን ገለጸ፤ በ2013 የታተመው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ደግሞ ለድምፅና ለንክኪ ከልክ በላይ መደንገጥን ወይም መደንዘዝን ከኦቲዝም ምልክቶች ጋር ቈጠረው። የአካዳሚው ጥንቃቄ የሚነቀፍ አይደለም፤ ሕክምናውን ፈጽሞ ሳይከለክል፣ ወላጆች የልጃቸውን ለውጥ ራሳቸው እየተከታተሉ እንዲመዝኑ ሐኪሞች ያግዙአቸው ብሎአልና፤ ልጁ ልብሱን ሲለብስ ወይም ማዕድ ሲቀርብ ቀድሞ ከነበረው ጭንቀት ምን ያህሉ እንደ ቀነሰ ከእናቱ ይልቅ የሚያውቅ የለም።