«መቼ መቼ ነው የሚያምሽ?»

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ፣ ወገኖቼ። ዛሬ የማወጋችሁ በእንግሊዝ አገር ስላለች አንዲት ልጅ ነው። ስም አላወጣሁላትም፤ የብዙ ልጆችን መንገድ ብቻዋን የምትሄድልን ናትና እናንተም እንዲሁ ብላችሁ ተከተሏት።

ልጅቷ 14 ዓመቷ ነው። የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ቁርጠቱ አጥፎ ይጥላታል፤ ከዚያም ላብ ያጠምቃታል፣ ከዚያም ያስመልሳታል፣ ከዚያም ሁለት ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ትቀራለች። እናቷ ሙቅ ውኃ በላስቲክ ሞልታ ሆዷ ላይ ታደርግላትና አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ እየመለሰች፣ «አይዞሽ ልጄ፣ እኔም በልጅነቴ እንዲሁ ነበርኩ» ትላታለች። ይህን የእናት ቃል አደራ ያዙልኝ።

ከዚያም አንድ ቀን፣ የኅዳር ካፊያ ሲጥል ውሎ ሲያመሽ፣ እናትና ልጅ አውቶቡስ ይዘው ወደ ቤተሰብ ሐኪማቸው ሄዱ፤ እርጥብ ካፖርታቸውን ጭናቸው ላይ አጥፈው ጠበቁ፣ ጠበቁና ተጠሩ። በዚያ አገር ለአንድ ሕመምተኛ የሚሰጠው ጊዜ ባብዛኛው 10 ደቂቃ ያህል ነው። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ «ሆዴን ያመኛል» አለች፤ ስለ ደሙና ሽንት ቤት ስትቀመጥ ስለሚወጋት ነገር ልትናገር ስትል ግን እፍረት አፏን ያዛት። ሐኪሙ ደግ ሰው ናቸው፤ ማስታገሻ ጻፉላትና «የሴት ልጅ ነገር ነው፣ ሲውል ሲያድር ይተውሻል» ብለው አሰናበቷት።

ዓመት ሄዶ ዓመት መጣ። ሆዷ ሲነፋና ሲቆርጣት ሄደች፣ አንጀትሽ ተቆጥቶ ነው ተባለች፤ ሽንቷ ሲያቃጥላት ሄደች፣ ኢንፌክሽን ይሆናል ተብሎ አንቲባዮቲክ ተሰጣት፤ ወገቧ አላስቀምጥ አላስተኛ ሲላት ሄደች፣ እንቅስቃሴ አድርጊ ተባለች፤ ከዚያም አልትራሳውንድ ተነሥታ «ምንም የለብሽም» ተብላ ተመለሰች። በየጊዜው የሚያያት ሐኪም ሌላ፣ የምትናገረው ሕመም ሌላ፤ ሕመሞቿም ክሩ እንደተበጠሰ ጨሌ በየመዝገቡ ተበትነው ቀሩ። «ምንም የለብሽም» መባሉ ከቁርጠቱ ይልቅ ጎዳት፤ ራሷን መጠራጠር ጀመረች፤ እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

በሽታው ግን ስም አለው፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ፣ በእንቁላል ማምረቻው፣ በአንጀቱና በፊኛው ላይ ይበቅልና ከወሩ ሆርሞን ጋር ይቆጣል፣ ይደማል፣ ከዚያም ጠባሳ እየሠራ አካልን ከአካል ያጣብቃል፤ አንዳንዷንም መውለድ ያስቸግራታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉን፣ 190 ሚሊዮን ገደማ ሴቶችን ይይዛል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 የብሪታንያ ፓርላማ አባላት ቡድን ከ10,000 የሚበልጡ ሴቶችን ቃል ሰብስቦ ነበር። ሕመማቸው ስም እስኪያገኝ በአማካይ 8 ዓመት ፈጅቷል፤ ከመቶው 58ቱም ከዚያ በፊት ከ10 ጊዜ በላይ የቤተሰብ ሐኪም ደጅ ጠንተዋል። በ2024 ኢንዶሜትሪዮሲስ ዩኬ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት እንደገና ሲጠይቅ ዘመኑ አጥሮ ሳይሆን ረዝሞ፣ 8 ዓመት ከ10 ወር ሆኖ ተገኘ።

በሐኪሞቹ ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም፤ ቀኑን ሙሉ ሆዴን፣ ወገቤን የሚል ሲመላለስባቸው ይውላል፣ የወር አበባ ቁርጠት ሁሉም ይህ በሽታ አይደለም። ነገር ግን የአገሪቱ የሕክምና መመሪያ አውጪ ናይስ ከ2017 ጀምሮ ጽፎላቸዋል፦ ከምልክቶቹ አንዱ እንኳ ቢታይ ጠርጥሩ፣ ልጅቷ 17 ዓመትና ከዚያ በታች ብትሆንም ጠርጥሩ፣ አልትራሳውንዱ ምንም ባያሳይም በሽታው የለም አትበሉ። ወረቀቱ አለ፤ ወደዚያች የ10 ደቂቃ ክፍል የሚገባው ግን በየሐኪሙ ጥረት ነው።

ከዚያም ልጅቷ፣ አሁን ወጣት ሴት ሆና፣ አዲስ ሐኪም ዘንድ ቀረበች። ሐኪሟ ከኮምፒውተሩ ፊቷን መለሰችና ወንበሯን አቀረበች፣ አቀረበችና «ሆድሽንም፣ ሽንትሽንም፣ ወገብሽንም፣ መቼ መቼ ነው የሚያምሽ?» አለቻት። ወጣቷ ጥቂት አሰበች፣ በጣቷም ቆጠረች። «የወር አበባዬ ሊመጣ ሲልና ሲመጣ፤ ሁሉም ያን ጊዜ ነው» አለች፤ ይህን ስትናገር ራሷም ገና መስማቷ ነበር። ሐኪሟም ሳትቸኩል፣ ሳታሳፍራት ስትፀዳዳ ያማት እንደሆነ፣ ከወንድ ጋር ስትገናኝ ያማት እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ከዚያም «እናትሽስ?» አለቻት። እናቲቱ ለማጽናናት የተናገረችው ያ ቃል እነሆ የሕክምና ማስረጃ ሆነ፤ በሽታው በእናት ወይም በእህት ላይ የነበረ እንደሆነ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላልና።

ከዚያ ወዲያ በሽታው በአንድ ቀን አልተነቀለም፤ እስከ ዛሬም ፈጽሞ የሚያድነው መድኃኒት አልተገኘለትም። ሐኪሟ ግን ማረጋገጫውን ሳትጠብቅ የሚያስታግስ የሆርሞን መድኃኒት ጀመረችላት፣ ለማህፀን ስፔሻሊስት ደብዳቤ ጻፈችላት፣ ሕመሙን ከነቀኑ የምትመዘግብበት ደብተርም እንድትይዝ ነገረቻት።

በዚያው በብሪታንያ ለምትኖሩ ለአገሬ ሴቶች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችሁ ወንድማችሁን ወይም የጎረቤት ልጅ አስተርጓሚ አድርጋችሁ ትሄዳላችሁ፤ በወንድም ፊት ይህ ሁሉ እንዴት ይነገራል? ቀጠሮ ስትይዙ አማርኛ የምትናገር ሴት አስተርጓሚ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ በመንግሥቱ የጤና አገልግሎት ክፍያ የለውም፤ ደብተሩንም በአማርኛ ጻፉት፣ አስተርጓሚዋ ለሐኪሙ ታነብላችኋለች።